ቁልፍ

ሰኔ እዚያም ክረምት ነው።
ቫልዲቪያ ላይ ዝናብ፣ ማባራት የማያውቅ፣
ወንዙን ከመንገዱ፣ መንገዱን ከደጁ ሲያደባልቅ፣
ከዓሣ ተራው ግርጌ የባሕር አንበሶች
ሆዳቸውን ሞልተው ተዘርግተው ሲያድሩ፣
ኦቲሊያ ኦያርሱን ማልዳ ትነሣለች፤
እሷ ናት የሰፈሩ
ቁልፍ ቀራጭ።

ሱቋ ጠባብ ናት፤ ክንድ ዘርግቶ ለቆመ
ግራ ቀኝ ግድግዳው ሰላም ይለዋል፣ እጁን እየሳመ።
ልክ ሁለት ተኩል ላይ መዝጊያውን ታነሣለች፤
ደቂቃ ሳይሞላ ማሽኗን ታስጮኻለች።
«ይህን ሁለት አድርጊው፣ ለአማቴ ነው አንዱ።»
«ይኸኛው እምቢ አለ፣ አልታወቀም ጉዱ።»
የብስክሌት፣ የጓዳ፣ የደብዳቤ ሣጥን፤
የነሐሱ ብናኝ ቅንድቧ ላይ ሰፍሮ
ወርቅ ይመስላል ከሩቅ፤
ማታ ስታራግፈው ጥራጊ ነው እንጂ አይሸጥም እንደ ወርቅ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ጎረቤቱ ይዘጋል።
ጫማ ሰፊው ዶን ኤቫሪስቶ ሾርባውን ይጠጣል፣
ፊቱን በጋዜጣ ከድኖ ያሸልባል።
እሷም ካርቶን አላት፣ በሲባጎ የታሰረ፣
«አሁን እመለሳለሁ» የሚል፣ ዓመታት የኖረ፤
ትሰቅለዋለች፤ ግን የትም አትሄድም፤
ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ዳቦ ትገምጣለች፣
በር ከተንኳኳ አፏ ሙሉ እንደሆነ ትከፍታለች።
«ደንበኛ ዝናብ ነው፣ ሲመጣ ነው መቅዳት»
ትላለች፤ ቫልዲቪያ ተቀምጣ! ዝናብ በማያባራበት!

ሌሊት ደግሞ ስልክ አለ።
ቁልፉን ውስጥ ረስቶ ደጅ የቀረ፣
መሸታ ቤት ውሎ ኪሱን ያራገፈ፣
«እባክሽ፣ ልጆቼ በረዳቸው» ይላል፤
ሽቦና ባትሪ ይዛ ትሄዳለች። ይከፈትለታል።
የስንቱን ሰው ሳሎን፣ የስንቱን ምድጃ
እሳቱ ሲነድ፣ ድመቷ ስታዛጋ አየችው ከደጃ፤
የራሷን ቤት በቀን የምታየው እሁድ ነው፣
እሱንም ደረሰኝ ስትደምር ይመሻል።

ልጅ አለቻት፣ ራዬን፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።
የሰማያዊ ካፖርቷ፣ ከላይ ሁለተኛው
ቁልፍ ከተበጠሰ ወር አለፈው።
«ነገ እተክለዋለሁ።» ነገ ሆነ።
«እሁድ።» እሁድም ሆነ።
ልጅቱ በመርፌ ቁልፍ ደረቷን አያያዘች፤
የመቶ ቤት ቁልፍ የሚወጣበት እጅ
ለአንድ ካፖርት ጠፋ።

ማክሰኞ፣ ዐሥር ሰዓት፣ ሦስት ሰው ቆሞ ሳለ፣
አራተኛ ሆና ራዬን ወረፋ ያዘች።
«እማዬ» አላለችም። ጃንጥላዋን ዘጋች፣
አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ተራዋን ጠበቀች።
ሲደርሳት ካፖርቷን ባንኮኒው ላይ ዘረጋች፦
«ቁልፍ ነበር» አለች፣
«ስንት ቀን ይፈጃል? ቀብድስ ይከፈላል?»
ከመዳፏም አንዲት መቶ ፔሶ፣ በላብ የራሰች፣
እናቷ ፊት አንከባለለች።

ማሽኑ ምንም ሳይነክስ ባዶውን ይዞራል።
ኦቲሊያ የትእዛዝ ደብተሯን ሳበች፤
እጇ የለመደውን ራሱ ይጽፋል፦
«ስም፦ ራዬን። ሥራ፦ ቁልፍ፣ አንድ።
መረከቢያ ቀን፦»
እዚህ ላይ እስክሪብቶው ቆመ።

ማሽኑን አጠፋች። ካርቶኑን ገልብጣ በጀርባው
«ተዘግቷል» ብላ ጻፈች፤ ፊደሉ ትንሽ ጎበጠ።
ከቆርቆሮ ጣሳ አንድ ቁልፍ ተገኘ፣
አረንጓዴ፣ ከማን እንደወደቀ የማይታወቅ።
ከመስታወቱ ማዶ አንድ ሰው፣ ዝናብ እየመታው፣
የተሰበረ ቁልፉን ከፍ አድርጎ አሳያት፤
እሷም ከጥርሷ የያዘችውን ክር አሳየችው።

በነጋታው፣ አልዋሻችሁም፣ ሁለት ተኩል ላይ ከፈተች፤
ሌሊትም ስልኩ ጮኸ፣ ኮቷን ደርባ ወጣች።
ብቻ ቀን፣ ሰባት ሰዓት፣ መብራቱን አጥፍታ፣
እናትና ልጅ ወንዙ ዳር፣ አንድ ዳቦ ለሁለት፣
የሚያንኮራፉትን አንበሶች ሲቆጥሩ ታዩ፤
አንድ ሰማያዊ ካፖርት፣ እስከ አንገት የተዘጋበት።
ከአንበሶቹ አንዱም ሰዓት አላየም።
ኦቲሊያ ሁለት ጊዜ አየች።